ተረትን ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ መጽሐፍ ያሸጋገሩት አባባ ተስፋዬ

በቴሌቪዥን የተነገረ ተረት ካልተቀረጸ ወይም ካልተጻፈ ከስርጭቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። አባባ ተስፋዬ በሚል መጠሪያ የሚታወቁት አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ ተረቶቻቸውን በመጽሐፍ ማሳተማቸው ትርጉሙ የጎላ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1915 ዓ.ም በባሌ የተወለዱት አርቲስቱ አስቀድሞ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። ሴቶች በቲያትር መድረክ ባልተለመዱበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስከ 1998 ዓ.ም ድረስ የልጆችን ዝግጅት መርተዋል።

ተራኪው በድምፁ፣ በፊቱና በእጁ እንቅስቃሴ የሚያሟላውን ጸሐፊው በቃል ብቻ ማሟላት ስለሚኖርበት ሥራው ቀላል አይደለም። በአንጻሩ መጽሐፍ መብራትም ሆነ የስርጭት ሰዓት አይጠብቅም።

ጉዳዩ ለዲላና ለአካባቢዋም ቅርብ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከእንሰትና ከቡና ጥምር እርሻው ባሻገር አገር በቀል እውቀትን ያቀፈ ሲሆን፣ እውቀቱ በአመዛኙ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በቃል ነው። ዛፍና ድንጋይ በዓይን ይታያል፤ ተረት ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያሳተሟቸው ተረቶች በአንባቢ እጅ ነበሩ። በዞኑ ተረት ለማሰባሰብ የሚነሳ ጽሕፈት ቤትም ወደ አማርኛ ከመተርጎሙ በፊት በጌዴኡፋ እንደተነገረ መቅረጽ፣ የተራኪውን ስም፣ ቀበሌውንና ዕለቱን አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።