ከጠቢብ ወደ ጠይብ

ጎርጎራ ላይ ጣና ዳር የቆመ ሰው ዓይኑ ከደንገል ታንኳ ላይ ማረፉ አይቀርም። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ተጠፍሮ ይታሰራል። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች አሉበት። ይሁንና «ወይጦ» የሚለው ቃል ለዘመናት እንደ ስድብ ሲወረወርባቸው ኖሯል። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ማዕድ አይጋራቸውም፤ ሙስሊሞች ሆነው ሳለም ሙስሊም ጎረቤታቸው ይርቃቸው ነበር።

እንግሊዝኛ ለስድብም ለበደልም «አቢዩዝ» የሚል አንድ ቃል አለው። ከላቲን የመጣ ሲሆን አንድን ነገር ያላግባብ መጠቀም ማለት ነበር። ዛሬ ክፉ ቃል ለተናገረውም፣ ልጅ ለደበደበውም፣ በሥልጣኑ ለባለገውም ያገለግላል። አማርኛ ስድቡን፣ ጥቃቱንና ብልግናውን ለየብቻ ይጠራል። በጣና ዳር ግን ሦስቱ ተለያይተው አያውቁም፤ ስሙን እየጠራ የሚሰድበው ሰው ነው ማዕድም ጋብቻም የሚከለክለው።

የእጅ ባለሙያዎች የሚሰደቡበት «ጠይብ» ደግሞ ይብሳል። ሥሩ የግእዙ «ጠቢብ» ነው፤ ብልህ፣ ጥበብ ያለው ማለት። ብረት በእሳት አለስልሶ ማረሻ የሚያወጣው ቀጥቃጭ፣ ጭቃ ጠፍጥፋ ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ገበሬው ያለ እነሱ አርሶ መብላት አይችልም። እነዚያኑ ሰዎች ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ፈራቸው፣ የምስጋናው ቃልም ስድብ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢው በእስራት እንዲቀጣም አዘዙ። ቃሉ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ አገኘ።

ስድብ ለምን እንዲህ ሥር ይሰዳል? አንዱ ምክንያት አእምሮ ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። በስትሮክ ንግግራቸው የተያዘ አንዳንድ ሕሙማን የዕቃ ስም መጥራት አቅቷቸው ስድብ ግን ጥርት ብሎ ይወጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በቱርክኛ አፍ የፈቱ፣ እንግሊዝኛም የሚናገሩ ሰዎችን ፈትኖ ነበር። በልጅነት የሚሰማ ዓይነት ቁጣ በቱርክኛ ሲነገራቸው የቆዳቸው ላብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጨመረ። ልጅ ሆነው የሰሙት ክፉ ቃል ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በባዕድ ቋንቋ የቀለለ የሚመስለው ስድብም በቋንቋው አፍ ለፈታ ሰው እንዲያ አይቀልም።

ከነገደ ወይጦዎች ብዙዎቹ ዛሬ «ወይጦ» የሚለው ቀርቶላቸው «ነገደ» ተብለው መጠራትን ይመርጣሉ።