አምፕሊፋየርን ከሳብውፈር ጋር ማመጣጠን፦ በሐሙሲት መስመር ላይ የደረሰብኝ

እንደሚታወቀው ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት አድርጎ ወደ ወረታና ደብረ ታቦር የሚመላለስ ሚኒባስ ያለ ሙዚቃ አይነቃነቅም። በተለይ በገበያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከረዳቱ ጥሪ ቀድሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የቤዙ ድብደባ ነው። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችም ለእረፍት ወደየቤታችን ስንገባ "ኤሌክትሪክ አይደል የምትማረው? እስኪ ይቺን ቴፕ እያት" መባላችን አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ሳብውፈር ከተቃጠለ በኋላ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ገንዘቡ የወንድሜ ነበር፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የኔ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በዚሁ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል። እቁብ ደርሶት ሁለት ባለ 10 ኢንች ሳብውፈርና አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ ጠበቀኝ። "ለባለሙያ የምከፍለውን ላንተ ለኪስህ እሰጥሃለሁ" ሲለኝ ደስ አለኝ፤ እናታችንም ሰምታ ኮራች። የሳብውፈሩ ካርቶን ላይ በትልቁ "1200 ዋት" ተጽፏል። ውስጥ ያለችው ብጣሽ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው የምትናገረው፦ አር.ኤም.ኤስ. 150 ዋት፣ ባለ ሁለት ኮይል፣ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለገበያ ነው፤ ለስሌት የሚሆነው የብጣሿ ወረቀት ነው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ሁለቱ ቻናሎች በብሪጅ ሲገናኙ በ4 ኦም ላይ 400 ዋት ይሰጣል፣ በብሪጅ ከ4 ኦም በታች ግን አይፈቀድም ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር አላነበብኳትም።

አራቱን ኮይሎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አድርጌ አሰርኳቸው። የመጀመሪያው ማታ ድምፁ ጉድ ነበር፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ አየን። በማግስቱ አምፑ እየጋለ ቀይ መብራት ያበራና ይዘጋ ጀመር። ረዳቱ ሲቀዘቅዝለት ጠብቆ መልሶ ይከፍታል። ሐሙስ ዕለት፣ መኪናው የሽንኩርት ጆንያ እስከ ጣሪያው ተጭኖበት ወደ ወረታ ሲሄድ፣ አምፑ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ።

ነገሩ አንደኛ ዓመት የተማርነው የኦም ሕግ ነው። 400 ዋት በ4 ኦም ማለት አምፑ 40 ቮልት ያወጣል፣ ኮይሎቹም 10 አምፔር ይስባሉ ማለት ነው። አራት ባለ 4 ኦም ኮይሎች በፓራለል ሲታሰሩ ግን 1 ኦም ይሆናሉ። ያው 40 ቮልት በ1 ኦም ላይ 40 አምፔር ይጠይቃል፤ 1600 ዋት! ትራንዚስተሮቹ ይህን ለመስጠት አልተሠሩም። ይባስ ብሎ ብሪጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ነው፤ ስለዚህ እኔ ለእያንዳንዱ ቻናል ግማሽ ኦም ነበር የሰጠሁት። የመጀመሪያው ማታ ድምፅ ያማረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ሰምተን ነው ያጨበጨብነው።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነበር። የእያንዳንዱን ሳብውፈር ሁለት ኮይሎች በሲሪየስ ማሰር፤ 4 ሲደመር 4፣ 8 ኦም ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ሳብውፈሮች በፓራለል ማሰር፤ 8 ከ8 ጋር 4 ኦም ይሰጣል። ከአምፑ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በመልቲሜትር መለካት ደግሞ የግድ ነው። መልቲሜትር የሚያነበው የሽቦውን የዲሲ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ባለ 4 ኦም ኮይል 3.3 ወይም 3.5 ቢያሳይ አትደንግጡ። አንድ አካባቢ ካነበበ ግን እጃችሁን አንሱ።

ሁለተኛው አምፕ በወንድሜ ብድር ተገዛ፤ በብሪጅ 4 ኦም ላይ 250 ዋት አር.ኤም.ኤስ. የሚሰጥ። ሁለቱ ሳብውፈሮች አንድ ላይ 300 ዋት ስለሚችሉ "አምፑ ከስፒከሩ ስላነሰ ሊያቃጥለው አይችልም" ብዬ ተማመንኩ። ኦሙንም አስተካክዬ አሰርኩና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸቷል፣ አንዱ ሳብውፈር ዝም ብሏል፣ ሌላው ግን ይሠራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ድምፁ እንደ ድሮው ስላልሆነላቸው ረዳቱ አምፑ ላይ ያለችውን ጌይን የምትባል ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሯታል፤ "ቤዝ ቡስት" የሚለውንም 12 ዴሲቤል ላይ አድርሶታል። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ከቴፑ የሚመጣው ሲግናል 2 ቮልት ይሁን 4 ቮልት፣ አምፑ ከዚያ ጋር እንዲግባባ የምታደርግ ናት። 12 ዴሲቤል ደግሞ በፓወር ሲሰላ ወደ 16 እጥፍ ነው። አምፑ የሌለውን ቮልቴጅ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ክሊፒንግ የምንለው ይህ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ሞገድ ከሳይን ሞገድ ጋር ጫፉ እኩል ቢሆንም ፓወሩ እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ የኛ 250 ዋት አምፕ ወደ 500 ዋት እየተጠጋ፣ ያውም ያለ እረፍት፣ 300 ዋት የሚችሉትን ኮይሎች ሲያግል ነበር። አነስተኛ አምፕ ስፒከር አያቃጥልም የሚለው ወሬ ጌይኗ በቦታዋ ካለች ብቻ ነው እውነት የሚሆነው።

በሚቀጥለው እረፍት መልቲሜትር ይዤ ሄድኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሚፈለገው ቮልቴጅ የፓወርና የኦም ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። 250 በ4 ሲባዛ 1000፣ ስኩዌር ሩቱ 31.6 ቮልት። ስፒከሩን ከአምፑ ማለያየት፣ ቤዝ ቡስቱን ዜሮ ማድረግ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጎ የ50 ኸርዝ ቶን ማጫወት፣ ከዚያ የአምፑ መውጫ 31.6 ኤሲ ቮልት እስኪያሳይ ድረስ ጌይኗን በቀስታ ማዞር። 50 ኸርዝ የመረጥኩት የቤታችን መብራትም 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሹ መልቲሜትር ሳይቀር በዚህ ላይ በደንብ ስለሚለካ ነው። አንድ ሳብውፈር ብቻ ስለቀረን ለጊዜው ሒሳቡን ለ150 ዋትና ለ8 ኦም ሠርቼ ቁጥሩ 34.6 ወጣ፤ አምፑ ያን ያህል ስለማያወጣ በ31.6 ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይቀር ነበር። ማታ ማታ የፊት መብራቱ በቤዙ ምት ልክ ደብዘዝ ፈካ ይላል። 250 ዋት የሚያወጣ ክላስ ኤቢ አምፕ ከሚወስደው ፓወር ወደ 60 በመቶ ያህሉን ነው ለስፒከሩ የሚሰጠው፤ ስለዚህ ከመኪናው ወደ 417 ዋት፣ በ13.8 ቮልት 30 አምፔር ያህል ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከባትሪው እስከ ኋላ ወንበር ሥር 5 ሜትር የዘረጋሁት የቤት መስመር የሚሠራበት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነበር። በመዳብ ሲሰላ 0.0215 ኦም ነው። ኢምንት ይመስላል፤ በ30 አምፔር ግን 0.65 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ 19 ዋት ደግሞ ምንጣፉ ሥር ሙቀት ይሆናል። ወደ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀየርነው፤ የሚባክነው ወደ 0.16 ቮልት ወረደ። 40 አምፔር ፊውዝም ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ አስገባን። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ አምፑ አጠገብ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ሽቦው መሐል ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ እሳት ነው፣ መኪናው ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

ወንድሜ "ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ግዛ ተብያለሁ" ብሎኝ ነበር። አሰላሁለት። ቮልቴጁ በአንድ ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው 1 ኩሎምብ ነው፤ በ30 አምፔር አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ። ለጌጥ ካልሆነ ተወው አልኩት፤ በዚያው ገንዘብ የዲናሞውን ቺንጋ አስጠበቀ፣ የባትሪውን ተርሚናል አስቀየረ፣ የተረፈውን ወደ ብድሩ ከተተው።

ድምፁ ከመጀመሪያው ማታ ያነሰ ነው፤ ረዳቱ እስካሁን አልወደደልኝም። አንዲት እናት ግን ከሐሙሲት ገበያ ሲሳፈሩ "ልጄ፣ ባለፈው ደረቴን ሲደቃኝ ነበር፤ ዛሬስ ደህና ነው" ብለውታል አሉ።

የተቃጠለውን ሳብውፈር ፈትቼ ወደ ላባችን አምጥቼዋለሁ። ከሁለቱ ኮይሎች አንዱ 3.5 ኦም ያነባል፤ ሌላው ጠቁሯል፣ ምንም አያነብም። በሲሪየስ የታሰረ ሳብውፈር አንድ ኮይሉ ሲበጠስ ለምን ሙሉ በሙሉ ዝም እንደሚል ማየት የሚፈልግ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው መደርደሪያ ታችኛው ላይ ያገኘዋል።