የሴፍቲኔት ድጋፍን ከማጭበርበር መጠበቅ፦ ስም ሲመዘገብና ስም ሲሰረዝ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዓላማው በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚገጥማቸው ቤተሰቦች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ከመጠበቅ ወጥተው፣ መጠኑና ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ እንዲያገኙ ማስቻል ነበር። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ በመንገድና በመሳሰሉት የአካባቢ ልማት ሥራዎች ተሰማርተው ክፍያቸውን በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላሉ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙ ወገኖች ደግሞ ያለ ሥራ ግዴታ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰባቸው ዓመታት በገጠር 8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያቀፈ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ተጀምሯል።

ይህን ያህል ሕዝብ የሚያቅፍ የድጋፍ ሥርዓት፣ የትም አገር ቢሆን፣ የማጭበርበር ፈተና ሳይገጥመው አይቀርም። በሴፍቲኔት ግን ጉዳዩን የሚያከብደው አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ወረዳና ቀበሌ የሚደርሰው የተጠቃሚ ቁጥር በኮታ የተወሰነ ነው። ስለሆነም አንድ ሐሰተኛ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ የሚጎዳው የመንግሥት ካዝና ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቀበሌ የሚኖር፣ መስፈርቱን የሚያሟላ አንድ ሰው ቦታውን ያጣል።

ማጭበርበር የሚገባባቸው በሮች በዋነኛነት አራት ናቸው፤ እነርሱም ምልመላ፣ የሥራ ላይ መቆጣጠሪያ፣ የክፍያ ሰነድ ዝግጅትና ራሱ ክፍያው ናቸው። በምልመላ ወቅት ዘመድ አዝማድን ማስገባት፣ ለመመዝገብ እጅ መንሻ መቀበል፣ አንድን ቤተሰብ ሁለት አባወራ አስመስሎ ከፍሎ ማስመዝገብ ይታያል። በሥራ ቦታ ላይ ያልወጣ ሰው እንደወጣ ተደርጎ ይመዘገባል። በክፍያ ሰነድ ላይ የሞቱ ወይም አካባቢውን ለቀው የሄዱ ሰዎች ስም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በክፍያ ዕለት ደግሞ ለተጠቃሚው በሰነዱ ከተጻፈለት ያነሰ ገንዘብ ይሰጥና ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ አሻራ ሙሉውን ተቀብያለሁ ብሎ ይወጣል።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ፣ ማጭበርበር ነው ለማለትም አይደለም ለማለትም የሚያስቸግር አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ኮታው ለሁሉም ችግረኛ ስለማይበቃ የተሰጠውን ድጋፍ ያልተመዘገቡ ቤተሰቦችም እንዲካፈሉት ማድረግ ነው። የሚያካፍሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ለኪሳቸው አያስቡም፤ ጎረቤት እየተራበ አንዱ ብቻ መብላቱ ነውር ሆኖባቸው ነው። ውጤቱ ግን ለአንድ ቤተሰብ የተሰላው ድጋፍ ለሁለትና ለሦስት ተበጣጥሶ ማንንም ከረሃብ ወራት ሳያሻግር ይቀራል፤ በሰነዱና በመሬት ላይ ባለው እውነታ መካከልም ልዩነት ይፈጠራል። ከቤተሰብ አባላት ከፊሉን ብቻ የመመዝገብ አሠራር ቀርቶ መላው ቤተሰብ እንዲመዘገብ የተደረገውም ይህንኑ የድጋፍ መሳሳት ለመግታት ነው። እንዲህ ያለውን ልማድ በወንጀል ምርመራ ለመፍታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መፍትሔው የምልመላውን ትክክለኛነትና የኮታውን ድልድል ማስተካከል ነው።

የቁጥጥር መላላት የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። በወቅቱ ከሴፍቲኔት በተለየ መስመር ይሰጥ የነበረ የምግብ እርዳታ ከታለመላቸው ሰዎች ውጭ እየዋለ ነው በሚል የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚያዝያ መጨረሻ በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቋረጡ። እርዳታው ተጨማሪ የምዝገባና የክትትል ሥርዓት ተዘርግቶ ደረጃ በደረጃ እስኪቀጥል ድረስ ወራት አልፈዋል። በእነዚያ ወራት እህሉን ያልነካ፣ ነገር ግን እህሉን ይጠብቅ የነበረ ሕዝብ ነው የተቀጣው።

የሴፍቲኔት ፕሮግራም አፈጻጸም መመሪያዎች ማጭበርበርን ለመከላከል የሚያስችሉ አሠራሮችን ከመነሻው አካተዋል። የመጀመሪያው ኃላፊነትን መለያየት ነው። ተጠቃሚውን የሚመለምለው የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ዝርዝሩ በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ይታያል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። ስም የሚያስገባ፣ የሥራ ቀን የሚመዘግብና ገንዘብ የሚቆጥር እጅ አንድ ከሆነ ግን የተቀረው ቁጥጥር ሁሉ ለይስሙላ ይሆናል። ሁለተኛው የተመለመሉት ሰዎች ስም በሕዝብ ስብሰባ ተነብቦ ሁሉም በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። የማን በሬ ስንት እንደሆነ፣ የማን ልጅ ከውጭ አገር ገንዘብ እንደሚልክ ከጎረቤት የተሻለ የሚያውቅ የለምና ይህ ቀላል የሚመስል አሠራር ከብዙ ውድ ቴክኖሎጂ በላይ ያገለግላል። ሦስተኛው የተጠቃሚ ካርድ ሲሆን፣ ባለመብቱ ምን ያህል እንደሚገባውና ምን ያህል እንደተቀበለ በእጁ በያዘው ማስረጃ እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል።

በክፍያ ረገድም ለውጦች ተደርገዋል። በወረዳ ደረጃ የሥራ ቀናትንና ክፍያን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሥርዓት ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ እንደ ኤም ብርና ሄሎ ካሽ ያሉ የሞባይል የክፍያ አማራጮችም በተለያዩ ወረዳዎች ተሞክረዋል። በእነዚህ አማራጮች ገንዘቡ በብዙ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ይደርሳል። ይሁን እንጂ የምስጢር ቁጥሩን ለወኪሉ ወይም ለጎረቤት ልጅ የሰጠች እናት ፊት ገንዘቡ ተቆርጦ ሲወሰድ የሚያይ ምስክር የለም። ስለሆነም ከመሣሪያው እኩል ለተጠቃሚዎች የሚሰጠው ማብራሪያ ሊታሰብበት ይገባል።

አጭበርባሪን መለየት ከመከላከል የተለየ ሙያ ይጠይቃል። ልምድ ያለው ኦዲተር የክፍያ ሰነድ ሲያገላብጥ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ። አንድ ሰው በአንድ ቀን በሁለት የሥራ ቦታዎች ተመዝግቦ ከሆነ፣ የሥራ መቆጣጠሪያው ሁሉም ቀን በአንድ ዓይነት ብዕርና በአንድ ጊዜ የተሞላ ከመሰለ፣ በአካባቢው ማንም ሥራ በማይወጣበት የበዓል ቀን መላው ቡድን ሠርቷል ተብሎ ከተጻፈ ምርመራ ያስፈልጋል። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ፣ ለአንድ አባል በወር አምስት የሥራ ቀናት በሚለው ስሌት፣ 25 ቀናት ይኖሩታል። ከዚህ የበለጠ የተጻፈለት ቤተሰብ ካለ ወይ ስህተት አለ ወይ ተንኮል አለ። ሞትን በተመለከተ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ቢጀምርም ብዙ ቤተሰብ ሞትን ስለማያስመዘግብ የቀበሌው እድሮች መዝገብ እስከ ዛሬ የተሻለ ማመሳከሪያ ነው።

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ስለሚመዘግብ አንድ ሰው በሁለት ስም ድጋፍ እንዳይወስድ ለማድረግ ከፍተኛ አቅም አለው። የማይፈታው ችግር ግን አለ። ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ድሃ መሆኑንና አለመሆኑን አይናገርም። ዘመዱን ያስመዘገበ ኃላፊ ዘመዱ ትክክለኛ መታወቂያ ስላለው ብቻ ሥራው ትክክል አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎችን የሚያሳስት አንድ ስሌት መመልከት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል 100 ሺህ ተጠቃሚዎች ቢኖሩና ከእነዚህ 2 ሺህ የሚሆኑት የማይገባቸው ናቸው እንበል። ከመቶ 95 ጊዜ ትክክል የሆነ የኮምፒውተር ማጣሪያ ከሁለቱ ሺህ 1 ሺህ 900ውን ያወጣል። ይኸው ማጣሪያ ከቀሪዎቹ 98 ሺህ ንጹሃን ውስጥ በመቶ አምስት ጊዜ ስለሚሳሳት 4 ሺህ 900 ሰዎችን አብሮ ይጠረጥራል። በዚህም መሠረት ከተጠረጠሩት 6 ሺህ 800 ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ያላጠፉ ይሆናሉ። ማሽኑ ጠቆመ ማለት ሰውየው አጠፋ ማለት አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን የዘነጉ ሁለት የበለጸጉ አገሮች ዋጋ ከፍለዋል። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 በቡልጋሪያ ዜጎች ስም የተፈጸመ የድጎማ ማጭበርበር ይፋ ከሆነ በኋላ የግብር ባለሥልጣኑ በሕፃናት ማቆያ ድጎማ ላይ ቁጥጥሩን አጠበቀ። አንድ ፊርማ ወይም አነስተኛ ደረሰኝ የጎደላቸው ወላጆች የዓመቱን ድጎማ በሙሉ እንዲመልሱ ታዘዙ፤ ተጠርጣሪን ለመለየት በዋለው ስሌት ውስጥም የኔዘርላንድ ዜግነት አለመኖር እንደ ሥጋት ምልክት ተቆጥሮ ነበር። ከ26 ሺህ በላይ ወላጆች የተጎዱበት ይህ ጉዳይ በፓርላማ ተመርምሮ በጥር ወር እ.ኤ.አ. 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩት ካቢኔ ሥልጣን እንዲለቅ ምክንያት ሆኗል።

የአውስትራሊያው ስህተት ደግሞ የሒሳብ ነበር። የዜጎችን ዓመታዊ ገቢ ከግብር መዝገብ ወስዶ ለ26 የሁለት ሳምንት ጊዜያት እኩል የሚያካፍል አሠራር ግማሹን ዓመት ሠርቶ ግማሹን ሥራ ያጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገቢ እንደነበረው አድርጎ ቆጠረ፤ ባለዕዳ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክምም በዜጋው ላይ ተጣለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 470 ሺህ በሚጠጉ የተሳሳቱ ዕዳዎች የሰበሰበውን 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታውቋል።

ይህ ለእኛ አገር ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የገበሬው ገቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ጎተራው የሚራቆተው ከሰኔ በኋላ ነው። የመኸር ምርቱን በአሥራ ሁለት ወር አካፍሎ "ይህ ቤተሰብ ድጋፍ አያሻውም" የሚል ስሌት የአውስትራሊያውን ስህተት ይደግማል። በሕንድ ደግሞ በጉልበት ሥራ የተፋቀ የጣት አሻራቸው በማሽን ስላልተነበበ ራሽናቸውን ሳይወስዱ የተመለሱ አረጋውያንና ሠራተኞች ነበሩ። ድንጋይ ሲሸከሙና እርከን ሲሠሩ የኖሩ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችም ይኸው ሊገጥማቸው ስለሚችል አማራጭ ማረጋገጫ አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ስለዚህ በአንድ ስም ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ለባለጉዳዩ ምን እንደተጠረጠረ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ከዚያ ጥርጣሬውን ያላነሳ ሌላ ባለሙያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣራል። የምዝገባ ስህተት ሆኖ ከተገኘ መዝገቡ ይታረማል፤ የልጁን ዕድሜ ያሳሳተች እናትና የክፍያ ሰነድ የፈበረከ ሠራተኛ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። ሆን ተብሎ የተፈጸመና የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ያለበት ድርጊት ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ለሚመለከተው የምርመራ አካል ይተላለፋል። ጥቆማ የሰጠ ሰውም በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ የማግኘት መብት አለው። በትንሽ ቀበሌ ጠቋሚው ማን እንደሆነ በቀላሉ ስለሚታወቅ ጥቆማ ከቀበሌው ውጭ፣ በወረዳ ወይም በዞን ደረጃ የሚሰጥበት መንገድ መኖሩ ተመራጭ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ አቤቱታ ነው። በፕሮግራሙ አሠራር የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ተጠቃሚዎችን ከሚመለምለው ግብረ ኃይል የተለየ አካል ነው። የምልመላው ኃላፊ ራሱ በኮሚቴው ከተቀመጠ ግን አቤት ባዩ ቅሬታውን የሚያቀርበው ለበደለው ሰው ይሆናል። የወረዳ ኃላፊዎች የየቀበሌውን ሪፖርት ሲመለከቱም "በዓመቱ የቀረበ ቅሬታ የለም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ መልካም ዜና ሊቀበሉት አይገባም። ኮታው ለሁሉም እንደማይበቃ በሚታወቅበት ቀበሌ አንድም ሰው ቅር ካላለው ወይ ዝርዝሩ አልተለጠፈም፣ ወይ ኮሚቴው አልተቋቋመም፣ ወይ ሰዉ መናገር ፈርቷል፤ የክትትል ቡድኑ ቀድሞ ሊጎበኝ የሚገባውም ያንኑ ቀበሌ ነው።