ሁለት ዲስክ አንድ ቅጂ ነው

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ውስጥ፣ ከጄምስ ጊቹሩ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ የአንዲት እናት ካሴቶች በሙሉ ወደ ቤት የሙዚቃ ሰርቨር ተገልብጠው ነበር። ዘፈን ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይላክ የነበረ የድምፅ ደብዳቤ፣ የሠርግ ቀረጻ፣ የሟች አባታቸው ምርቃት ነበረበት። ልጃቸው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የተደጋገመ ፋይል የሚያጠፋ ፕሮግራም አስነሣ፤ ፕሮግራሙ ያልተደጋገመውንም ጠረገው። እኔ ስጠራ በላዩ ላይ ብዙ አዲስ ፋይል ተጽፎበት ስለነበር ማዳን አልተቻለም። ካሴቶቹም «ተገልብጠው አልቀዋል» ተብለው ቀድመው ተጥለዋል። «ልጄ፣ ሌላኛው ዲስክ ላይ የለም እንዴ?» አሉኝ። ሰርቨሩን ሲገዙ የተነገራቸው ይኸው ነበር።

«ሁለት ዲስክ አለው፣ አይጠፋም» የሚለውን በየቤቱ መስማት ሰልችቶኛል። ሻጭ ይናገረዋል፣ ገዢ አምኖ ይደግመዋል። ሬይድ 1 የሚባለው፣ ሁለቱም ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ነገር የሚጽፍ አሠራር የተፈጠረው አንዱ ዲስክ ሲሞት ሰርቨሩ ሥራውን እንዳያቋርጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዋስትና አይሰጥም። በካርቦን ወረቀት እንደሚጻፍ ደብዳቤ ነው፤ ከላይ የሰረዙት ከታችም ይሰረዛል። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባም ሳጥኑን ሲያነሣ ሁለቱን ዲስኮች ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ዲስኮቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ እኩል ሰዓት የሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም የሌላውም ጊዜ ሩቅ ላይሆን ይችላል።

መብራቱ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023 የኬንያ አብዛኛው ክፍል ለሰዓታት ሲጨልም የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ አልተረፈም። የላቪንግተን ደንበኞቼ «ጀነሬተር አለን» ይሉኛል። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ግን ሰርቨሩን ያጠፉታል፤ በዚያች ቅጽበት እየጻፈ ከነበረ የዘፈኖቹ ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ከመጣም ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ጊዜ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፤ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋም በዩኤስቢ ገመድ አገናኙት። ይህም ቢሆን ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ሌላ ቅጂ አይሆንም።

«የጠፋው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ይገኛል» የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ አሳታሚዎቹ አምሃ ሬከርድስ እና ካይፋ ሬከርድስ ካሳተሟቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ አገር በወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ አማካይነት ለዓለም ደርሰዋል። እነሱን ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል። የአባት ምርቃት ግን የትም አይገኝም።

ዋጋ ነው እንዳይባል ሒሳቡን እንየው። የ60 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት፣ ድምፁን ሳያጓድል በሚጨምቀው በፍላክ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከ400 ሜጋባይት አይበልጥም። አንድ ሺህ ካሴት ያለው ቤት፣ እንደዚያ ያለ ቤት ካለ፣ 400 ጊጋባይት ይበቃዋል ማለት ነው። ይህን በኪስ የሚያዝ አንድ ዲስክ ይችለዋል። ያን ዲስክ በወር አንድ ጊዜ ሰክታችሁ አዲሱን ገልብጡበት፤ ከዚያ ነቅላችሁ ኪሊማኒ ያለ ዘመድ ቤት አስቀምጡት። ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ አብሮም ይሰረቃል። በኢንተርኔት አዲስ አበባ ላለ ወንድም መላክም ይቻላል፤ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 400 ጊጋባይት አራት ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው የተጨመረው ብቻ ነው። ሰርቨራችሁ ስናፕሾት፣ ማለትም የፋይሎቹን የቀድሞ ሁኔታ የሚይዝ አሠራር፣ ካለው ክፈቱት፤ ከዚያ በኋላ በስህተት የሚጠፋውን ይመልስላችኋል። እሱም ያው እዚያው ሳጥን ውስጥ መሆኑን አትርሱ።

ካሴቶቹን አትጣሉ። ተነቃይ ዲስክ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አጫውቱት። ካልተከፈተ ቅጂ የላችሁም።