ማርሽ የሚተፋው ሃይሉክስ

ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አጋሮ ይደረሳል። ከተማዋን የከበበው ወረዳ ጎማ ይባላል። ስሙ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት የአንዱ ነው፤ ከመኪና ጎማ ጋር ዝምድና የለውም። ቢሆንም ቡናዋ በጎማ ለሚጓዝላት አገር ግጥምጥሞሹ አያስከፋም።

የሚታጠብ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት፣ በለቀማ ወቅት የሚያመላልስ ፒካፕ ዕረፍት የለውም። ከጌራ በኩል ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ይወርዳል፤ ጭነቱ ከኋላ ይገፋዋል፣ ጫናውን ካምቢዮው ይችላል። ዓመታት ሲያልፉ ሁለተኛ ሲገባ ይንጫረራል፤ ቆየት ብሎም የገባውን ማርሽ መትፋት ይጀምራል።

ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙ ባለንብረት የማይታሰብ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ያለውን ማደስ ይቀላል። ያገለገለ ካምቢዮ ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ያን ያህል ተጉዞ የማይገጥም ዕቃ ይዞ መመለስ ያናድዳል።

እንዲህ እንዳይሆን መጀመሪያ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ነው። ካምቢዮው ጂ52 ይሁን ሌላ፣ ኮዱ እዚያው ተጽፏል። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች፣ 2446፣ 2779ና 2986 ሲሲ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የካምቢዮ ቡሎን ቀዳዳቸው ይገጣጠማል። የሁለት እግር ካምቢዮ ግን ለፎር ዊል አይሆንም፤ የጅራቱ አሠራር ይለያል።

ካምቢዮው ሲወርድ ባትሪው ይፈታል፤ የማርሹ ዘንግ በጋቢና በኩል ይነቀላል፤ ወደ እግሮቹ የሚሄዱት ዘንጎች በጠመኔ ምልክት ተደርጎባቸው ይወልቃሉ። ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ከሥሩ በክሪክና በጣውላ ይደገፋል። ከሁሉም የሚያስቸግሩት ከላይ ያሉት ቡሎኖች ናቸው፤ እጅ አይደርስባቸውም፣ ረጅም ማስረዘሚያ ይጠይቃሉ።

የባለሙያው ልክ የሚታወቀው ግን ሲገጠም ነው። የፍሪሲዮን ዲስኩ መሐል ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ከአሮጌው ካምቢዮ የተረፈ ዘንግ ካለ እንደ ልክ ያገለግላል። አንዳንዱ ቸኩሎ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የቀረውን ክፍተት በቡሎን ስቦ ሊዘጋ ይሞክራል፤ የአሉሚኒየሙ ቤት የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። የካምቢዮውን ክብደት ዲስኩ ላይ ማንጠልጠልም ዲስኩን ያጣምማል። በትክክል ከተደረደረ እየተወዘወዘ በእጅ ግፊት ይገባል። ዲስኩንና የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን በዚሁ አጋጣሚ አለመቀየር የገንዘብ ቁጠባ አይባልም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ማውረድ ይመጣል።

የቀረው ዘይት ነው። ጂኤል-5 ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ዘይት የሲንክሮናይዘሩን የናስ ቀለበት ሊጎዳ ስለሚችል፣ አምራቹ የፈቀደውን ማየት ይገባል። ዘይት የሚቀይር ሰውም ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ይፍታ፤ መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል።