የድምፅ ማዞሪያ ለምን ደስ ይላል?

ቤታችሁ አሮጌ ሬዲዮ ወይም አምፕሊፋየር ካለ፣ ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት ሄዳችሁ የድምፅ ማዞሪያውን አንዴ አዙሩት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቀስ ብላችሁ። ደህና ከተሠራ ከበድና ለስለስ ብሎ ይዞራል፤ ድምፁም ከእጃችሁ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ደስ ይላል አይደል? አሁን ደግሞ በስልካችሁ ስክሪን ላይ ድምፁን በጣታችሁ ጎትታችሁ ጨምሩ። ሥራው ያው ነው፤ ያ ደስታ ግን የለም። ለምን?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት በአያቴ ምክንያት ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ወዲህ ጓደኛቸው ሬዲዮ ነው። የድሮው ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመርና ሲቀነስ መንኳኳት ሲያበዛ፣ የልጅ ልጆች ተዋጥተን አዲስ ገዛንላቸው። አዲሱ ፊቱ በሙሉ ልሙጥ ነው፤ ቁልፎቹ በንክኪ ብቻ ይሠራሉ። አያቴ ሁለት ቀን ዳሰሱትና "ኧረ ልጄ፣ ይሄ ምኑም አይያዝ" አሉኝ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። እኔም የድሮውን ወስጄ ፈታሁት።

ከማዞሪያው ሥር ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ዕቃ አለ። ውስጡ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ የካርቦን መስመር ነው፤ በላዩ ላይ ከማዞሪያው ጋር የምትዞር ቀጭን ብረት ትንሸራተታለች። ብረቷ ያለችበት ቦታ ምን ያህል ሲግናል ወደ አምፕሊፋየሩ እንደሚያልፍ ይወስናል። ዙሩ ወደ 300 ዲግሪ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ይቆማል። ስለዚህ ሬዲዮው ገና ሳይከፈት እጃችሁ ድምፁ የት ላይ እንዳለ ያውቃል።

ነገር ግን ካርቦኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢሆን ኖሮ ማዞሪያው ያናድዳችሁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤርነስት ሃይንሪክ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሰዎችን ክብደት በእጃቸው እያስያዘ ሲፈትን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ልብ የምንለው የተጨመረውን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ጭማሪው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ያለውን ድርሻ ነው። በጨለማ ቤት አንድ ሻማ ላይ ሁለተኛ ብታበሩ ወዲያው ይታወቃል፤ መቶ ሻማ ላይ አንድ ብትጨምሩ ማን ልብ ይላል? ጆሮም እንዲሁ ነው። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ በግምት አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በብዙ የድምፅ ማዞሪያዎች ላይ ግማሽ ዙር ስትደርሱ የሚያልፈው ቮልቴጅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ማዞሪያው የጆሮን ሒሳብ ተከትሎ የተሠራ ነው፤ እኩል ስታዞሩ እኩል የጨመረ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

ያ ለስላሳ ክብደትስ? እሱ ግራሶ ነው። በዘንጉና በማቀፊያው መካከል ወፍራም ግራሶ ይቀባል። ማር ውስጥ ማንኪያ አማስላችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ካላችሁ ይታዘዛል፣ ከቸኮላችሁ ይይዛችኋል። ግራሶውም እጃችሁ ከሚፈልገው እንዳያልፍ ይገታዋል። ደረቅ ሰበቃ ግን ሌላ ነው። ከባድ ቁም ሳጥን ስትገፉ መጀመሪያ እምቢ ይልና በድንገት ሸርተት ይላል፤ ግራሶ የሌለው ማዞሪያም እንደዚያው እየያዘ ይዘላል። ቀጭ ቀጭ የሚሉ ማዞሪያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ሞላና ትንሽ የብረት ኳስ አለ፤ ኳሷ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ በገባች ቁጥር ጣት አንድ ብሎ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ማዞሪያ ስትይዙ ቆዳችሁ ሰበቃውን፣ ጡንቻችሁና መገጣጠሚያችሁ የዞራችሁትን መጠን፣ ጆሯችሁ ደግሞ ውጤቱን ይነግሯችኋል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አንድ ወሬ ያወራሉ። ደስታው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ እጅ ይጠይቃል፣ ዕቃው ወዲያው ይመልሳል። ልሙጥ መስታወት ግን የትም ብትነኩት ስሜቱ አንድ ነው፤ የቀረውን ሥራ ዓይን መሸፈን አለበት። ዓይን ከሌለስ?

የአያቴ ሬዲዮ ችግር አቧራ ነበር። አቧራ ካርቦኑ ላይ ሲቀመጥ ብረቷ እየነካችና እየለቀቀች ትሄዳለች፤ ያ መንኳኳት ከዚያ ይመጣል። የእናንተም እንዲህ ካደረገ መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፤ ከዚያ ማዞሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ጊዜ ያህል አመላልሱት። ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ካልተሻለው ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ለጠጋኝ ስጡት።

እኔ ጠርጌ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩላቸው። አሁን አያቴ ዜና ሲጀምር ከፍ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ዝቅ ያደርጉታል። ማንንም ሳይጠሩ።