ኬኔዲ የማን ዘር ነው?

ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው «ኬኔዲ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መታሰቢያ የሆነላቸው ጆን ኤፍ ኬኔዲ በኦክቶበር 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዋሽንግተን ላይ በክብር ተቀብለው ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ለቀብራቸው ወደዚያው ከተማ ተመለሱ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ግን ከአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ በጣም ይሰፋል። አየርላንድ ውስጥ የኬኔዲ ዘር ነን የሚሉ አሉ፤ ባሕሩን ተሻግሮ ስኮትላንድ ውስጥም እንዲሁ የሚሉ አሉ። ሁለቱን በአንድ አያት የሚያገናኝ አስተማማኝ ሰነድ የለም።

እኛ ዘንድ ከስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱ ይለወጣል። አየርላንዳውያንም በጥንት ዘመን እንደዚያው ነበሩ። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ግን የአንድ ዝነኛ አባት ወይም አያት ስም ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁሉ ያንኑ ስም ወረሰ። «ማክ» ማለት ልጅ ነው፤ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ፣ በሰፊው ዘር ማለት ነው። ኬኔዲ በአይሪሽ ቋንቋ «ኦ ኪኔዴ» ነው፤ የኪኔዴ ዘር እንደማለት። ሴት ስትሆን «ኦ» ቀርቶ «ኒ» ይገባል፤ የስሙ መነሻም ይላላና «ኒ ኺኔዴ» ትባላለች። «ከ»ን ወደ «ኸ» ማላላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም።

ኪኔዴ ማን ነበር? ከሻነን ወንዝ ዳር፣ ከኪላሉ አካባቢ የተነሳው የዳል ጋሽ ጎሣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኬኔቲግ (ኪኔዴ የሚለው ስም የጥንት አጠራር) የሚባል ንጉሥ ነበረው፤ በ951 ሞተ። ከልጆቹ አንዱ ብራያን ቦሩ ነው፤ የአየርላንድ ታላቅ ንጉሥ ለመሆን በቅቶ በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የወደቀው። ከብራያን የመጡት ኦብራያን ተባሉ። የኬኔዲ ቤተሰብ የትውልድ ቆጠራ ግን ከብራያን ሳይሆን ከወንድሙ ከዶንኩዋን ይጀምራል፤ የስማቸው ባለቤትም የአያቱን ስም የያዘው የዶንኩዋን ልጅ ነው። ስለዚህ ኦብራያንና ኦኬኔዲ የአጎትማማቾች ቤት ናቸው። ኬኔዲዎቹ ኋላ ሻነንን ተሻግረው ዛሬ ሰሜን ቲፐራሪ በሚባለው በኦርመንድ ምድር ሰፈሩ፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም የአካባቢው ጌቶች ሆነው ኖሩ።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያስቃል። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ራስ» ማለት መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው ክፍል ነው ጣጣው። አንዱ ወገን «አስቀያሚ» ነው ይላል፤ ስሙም «ራሰ አስቀያሚ» ይሆናል። ሌላው ወገን ቃሉን ከጦር ልብስ ጋር ያዛምደውና «ባለ ብረት ቆብ» ብሎ ይፈታዋል። በቋንቋ ረገድ የመጀመሪያው የሚናቅ አይደለም፤ ያ ዘመን ንጉሥንም ቢሆን በመልኩ ወይም በጉድለቱ ከመጥራት አይመለስም ነበር። ቤተሰቡ ግን የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት አይከብድም። በ1961 የአየርላንድ መንግሥት የአርማ ጽሕፈት ቤት ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ አርማ ሲሰጣቸው፣ በጥቁር ጋሻ ላይ የተሳሉት ሦስት የወርቅ ብረት ቆቦች ናቸው።

የስኮትላንዶቹ አርማ ላይ አንድም ብረት ቆብ የለም። ነጭ ጋሻ፣ ቀይ የማዕዘን መስመር፣ በዙሪያው ሦስት ጥቁር መስቀሎች፤ ከአናቱ ዶልፊን። እነዚህ ኬኔዲዎች የደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ሰዎች ናቸው፤ አገራቸው ኤርሸር ውስጥ ያለው ካሪክ ነው። በዚያ ምድር ያኔ የሚነገረው የአይሪሽ ዘመድ የሆነው ጌሊክ ስለነበር ያው ጥንታዊ የሰው ስም እዚያም ቢገኝ አይገርምም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደንዩር ጌታ ጆን ኬኔዲ የካሪክ ጎሣ አለቅነትን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ከንጉሡ ጋር ተጋባ፤ የንጉሥ ሮበርት ሦስተኛ የልጅ ልጅ የነበረው ጳጳስ ጄምስ ኬኔዲ በ1450 በሴንት አንድሩስ የቅዱስ ሳልቫቶር ኮሌጅን መሠረተ። በ1509 ደግሞ የቤቱ አለቃ የካስልስ መስፍን ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በፍሎደን ጦር ሜዳ ሞተ።

ከዚህ ቤት ታሪክ የደንዩሩን ግፍ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። «የካሪክ ንጉሥ» የሚል ቅጽል የወጣለት አራተኛው መስፍን ጊልበርት፣ የክሮስራጉዌል ገዳምን ርስት ይመኝ ነበር። በ1570 የገዳሙን አስተዳዳሪ አለን ስቱዋርትን አስያዘና ባሕር ዳር ወዳለው የደንዩር ግንብ አስወሰደው። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ልብሱን አስወልቆ፣ ዘይት እየቀባ፣ ርስቱን በፊርማው እስኪለቅ ድረስ እሳት ላይ አስጠበሰው። ሰውየው ነፍሱ ተርፋ ለመንግሥት አቤት አለ፤ ርስቱ ግን ከመስፍኑ እጅ አልወጣም። ስቱዋርትን ከግንቡ ያስጣለው የባርጋኒ ጌታ ነበር፤ እሱም ኬኔዲ ነው! በሁለቱ ኬኔዲዎች መካከል ቂሙ ሲንከባለል ቆይቶ በ1601 የካስልስ መስፍን ሰዎች ሜይቦል ከተማ አጠገብ የኋለኛውን የባርጋኒ ጌታ ገደሉት። አንድ ስም መያዝ አንድ ልብ መሆን አልነበረም።

ሦስተኛ ቅርንጫፍም አለ። በስኮትላንድ ደጋ፣ በሎካበር የነበሩት ኬኔዲዎች ራሳቸውን የሚቆጥሩት ኡልሪክ ከሚባል የካሪክ ሰው ነው፤ በጌሊክም የኡልሪክ ልጆች ተብለው ይጠሩ ነበር።

መደናገሩን ያባባሰው የሕዝብ ፍልሰት ነው። ስኮትላንድንና አየርላንድን የሚለያቸው ባሕር በጠባቡ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ዘውድ በሰሜን አየርላንድ፣ በአልስተር፣ ስኮትላንዳውያንን ሲያሰፍር ኬኔዲዎችም ከእነሱ ጋር ተሻገሩ። ስለዚህ ዛሬ በአልስተር ያለው የአንትሪም ኬኔዲ የካሪክ ዘር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የቲፐራሪው ደግሞ የዳል ጋሽ። በዚያ ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ አየርላንዳውያን «ኦ»ን ከስማቸው ጣሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቋንቋ ተቆርቋሪዎች ሲነሱ ኦብራያንን የመሰሉት መለያቸውን አስመለሱ፤ ኬኔዲዎች ግን በአብዛኛው እንደጣሉት ቀሩ። ከስኮትላንዶቹ የሚለያቸው ያቺ አንዲት ፊደል ነበረች።

የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ፓትሪክ ኬኔዲ የመጣው ከኦርመንድም ከአልስተርም ሳይሆን ከደቡብ ምሥራቁ ዌክስፎርድ፣ ኒው ሮስ አጠገብ ካለችው ከደንገንስታውን ነው። በታላቁ ረኃብ ዘመን፣ 1848 ገደማ፣ ቦስተን ገብቶ በርሜል እየሠራ ኖረ፤ በ1858 በኮሌራ ሲሞት የመጨረሻ ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ፕሬዚዳንቱ በጁን 1963 ያቺን የእርሻ መንደር ጎብኝተው ዘመዶቻቸው ቤት ሻይ ጠጥተዋል።

በልጆችዎ ጋብቻ ወይም በጉርብትና ኬኔዲ ከሚባል ሰው ጋር የተዛመዱ ካሉ አንድ ምክር አለኝ። በየሱቁ «የኬኔዲ ቤተሰብ አርማ» ተብሎ በኩባያና በቲሸርት የሚሸጠውን አይግዙ፤ በአየርላንድም በስኮትላንድም ሕግ አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም። ከዚያ ይልቅ የአያቱ ሰበካ የት እንደነበረ ይጠይቁ። ስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን በመንግሥት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1855 ነው፤ አየርላንድ ሁሉንም ያካተተችው በ1864 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሄድ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያስፈልጋል።